በማርያም ዕለት የተፈታ ብሎን

እኔ መጠበቅ አልችልም። ወጥ ሳይበስል እቀምሳለሁ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እመልሳለሁ። እናቴ «አንቺ እኮ ከማህፀንም የወጣሽው ቀንሽ ሳይደርስ ነው» ትለኝ ነበር። እንግዲህ እንደኔ ያለችው ሰው ናት፣ በገዛ እጇ የገጣጠመችው ኮምፒውተር በኅዳር ማርያም ዋዜማ አልነሣ ብሏት፣ በዓሉ እስኪያልፍ እጇን አጣጥፋ እንድትቀመጥ የተፈረደባት።

ኮምፒውተሩን የገጣጠምኩት ለአባቴ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ ባለው ግቢያችን ለብዙ ዘመን ልጆችን ፊደልና ንባብ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ እኔም ሀሁን የቆጠርኩት እሳቸው እግር ሥር ተቀምጬ ነው። አዲሱ ሚሊኒየም በገባ ሰሞን ዓይናቸው ይደክም ጀመር። ባሕር ዳር ወስጄ ሳስመረምራቸው ሐኪሙ፣ ሞራ ቢሆን ኖሮ ይገፈፍ እንደነበር፣ የእሳቸው ግን የዓይን ግፊት በመሆኑ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን በጠብታ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ነገረን። አባቴ አመስግነው ወጡ። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ዝምታ አልወድም፤ ደምበጫን እስክናልፍ ድረስ ብቻዬን ሳወራ ነበር።

የቀረላቸው ምን ያህል እንደሆነ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ከመናኸሪያው ስንወጣ ድንገት ቆሙና ከመንገዱ ማዶ ካለ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የቆርቆሮና የሚስማር መሸጫ» ብለው አነበቡ። ፊደሉ የሰው ክንድ ያህል ነበር። መጽሐፋቸው ላይ ያለውን ፊደል ግን ከተፈጨ ቁንዶ በርበሬ አልለየውም ይሉ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው በኮምፒውተር ነው፣ ቴክኒክና ሙያ ስማርም ጥገና ቀምሻለሁ። ስክሪን ላይ ፊደልን እንደፈለጉ ማሳደግ እንደሚቻል አውቃለሁ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ «አባ፣ እኔ ይህን የሚያህል ፊደል ቤትዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር መግዛት የማይታሰብ ስለነበር ዕቃውን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ሳጥኑ ከተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር የተረፈ ነው። ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ማዘርቦርድ ለሥራ አዲስ አበባ የወረደች ጓደኛዬ አመጣችልኝ። ሃርድ ዲስኩን መሥሪያ ቤት ሞክሬ የግእዝ ፊደሉን ጭኜበታለሁ። ሞኒተሩ ከባድ ስለነበር በባጃጅ መጣ፤ እናቴ ስታየው «ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ዓይን ነው?» አለች።

እኔ ዕቃ ስለቅም አባቴ ደግሞ በበኩላቸው ወስነው ነበር። መጻሕፍታቸውን ሊሰጡ ነው። «ዓይን የሌለው ሰው መጽሐፍ ታቅፎ ምን ያደርጋል? የብል ቀለብ ከሚሆን የሚያነበው ይውሰደው» አሉ። የሚወስደው ደግሞ ተገኝቷል። እኛ ግቢ ያደገ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ አሁን ደብረ ወርቅ የሚያስተምር ዲያቆን፣ ለኅዳር ማርያም መጥቶ ሲመለስ ይዟቸው ይሄዳል። ለመንኳቸው። መጻሕፍቱ ይቆዩልኝ፣ እኔ ገጽ በገጽ እየጻፍኩ በትልቁ አሳይዎታለሁ አልኩ። አባቴ ጥቂት አሰቡና «መልካም፤ መጀመሪያ ያልሽው ነገር ይብራ። ከበራ መጻሕፍቱ ይቀመጣሉ። ካልበራ ግን ልጁን ጠርቼ ባዶ እጁን አልመልሰውም» አሉ። ይህን ብለው ወዲያው መጻሕፍቱን በጠፍር አሰሩና በሩ ሥር አስቀመጧቸው። ያ እስር ስወጣ ስገባ ያፈጥብኝ ጀመር።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቄ ማብሪያውን ተጫንኩ። ቦርዱ ላይ ያለው ማራገቢያ አንድ ጊዜ ዞር አለና ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ጭራሽ ዝም አለ። ገመዱን ነቅዬ ብሰካውም ያው ነው። ሶኬቱ ይሆናል ብዬ ሬድዮኑን ሰካሁበት፤ ሬድዮኑ ጮኸ። ገመዱ ይሆናል ብዬ በሞኒተሩ ገመድ ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ኃይል የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ለብቻው ነቅዬ በተማርኩት መንገድ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ባገናኘው እሱ በሰላም ይሽከረከራል። እንግዲያው ኃይሉ አለ፤ ወደ ቦርዱ ሲደርስ ነው የሚሞተው። ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን? ከአዲስ አበባ የመጣ ቦርድ ተቃጥሎ ከሆነ በአንድ ቀን ከየት አመጣለሁ? በንዴት ሳጥኑን ስገፋው የብሎኖቹ ቆርቆሮ ተገለበጠና ብሎኖቹ ከአልጋው ሥር ተበተኑ። አባቴ ከመደቡ ሆነው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ። ተንበርክኬ ስለቅም ደወል ተደወለ። እሳቸውም «በይ በቃ፤ ማርያም ገብታለች። እጅሽን አንሺ» አሉ።

አነሣሁ። ምን አማራጭ አለኝ?

በማግሥቱ ጠዋት ግን ክርክር ገጠምኩ። አባቴ ሊያስቀድሱ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ፊታቸው ቆሜ «አባ፣ ይህ እኮ ሥራ አይደለም» አልኳቸው።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ማየት ነው። ከፍቼ ብቻ ላየው ነው።»

«ማየትማ ዓይንሽ ይመልከት፤ ማን ከለከለው? ካቻቢቴው ነው ሥራ የሚሠራው።»

እናቴም ከጓዳ ወጥታ «ጤፉ ማሳ ላይ የደረሰበት ገበሬ እንኳ ዛሬ እጁን ሰብስቦ ተቀምጧል። እኔ እንዝርቴን ከትናንት ማታ ጀምሮ አልነካሁም። ያንቺ ብረት ከነዚህ ሁሉ በምን በለጠ?» አለች። የጤፉን ነገር ስታነሣ ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ። ዝናብ ቢመጣበት የሚያልቅ አዝመራ ትቶ የሚያከብር ሰው ባለበት አገር ስለ አንድ ሳጥን ማውራት ያሳፍራል።

እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ እኔ ከሳጥኑ ጋር ቀረሁ። እያንዳንዱን ሽቦ በዓይኔ ተከተልኩ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በር ላይ ወጥቼ ተመለስኩ፣ ውኃ ቀዳሁና ሳልጠጣው ረሳሁት። ማራገቢያው ያን አንዲት ጊዜ ዞር ማለቱ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ፈጽሞ ባይነቃነቅ ኖሮ ሞቷል ብዬ አርፍ ነበር። ሊነሣ ሞክሮ አንድ ነገር ያስቀረዋል ማለት ነው፤ እሱን አንድ ነገር ለማወቅ ደግሞ ቦርዱን ከሳጥኑ ማውጣት አለብኝ። አምስት ብሎን ነው የያዘው። እጄን በጉልበቴ መሃል ቆልፌ ተቀመጥኩ።

እናቴ ቀድማ ተመለሰች፤ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። በቤቱ ማዕዘን ሁሉ ስትረጭ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «እማዬ፣ እሱን ተይ!» ብዬ ላዩ ላይ ተደፋሁበት፤ ጸበሉ ጀርባዬ ላይ አረፈ። «እሰይ፣ ጸበሉ ያስፈለገው እኮ ላንቺ ነበር» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ቀጥሎ አባቴና ዲያቆኑ መጡ። ዲያቆኑ ሳቂታ ሰው ነው፤ ቅኔ ቤት ከርሞ ስለመጣ ቃል በሁለት በኩል ካልተሳለ አይጥመውም። ምሳ ቀረበ። በልተን ጠላ ሲቀዳ በሩ ሥር ያለውን እስር አየና «የኔታ፣ ከብዶዎት እንዳይሆን፤ ጥቂት ቢያስቡበት» አላቸው። አባቴ «አስቤበታለሁ» አሉ። «የዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ እንዳያመልጥህ፤ እሱ ካመለጠህ እስከ ነገ ሌላ የለም።» ይህን ሲሉ እጃቸው ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ ይዳብስ ነበር፤ መጻሕፍቱ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። እኒህ ሰው የሚሰጡት የማይፈልጉትን ነገር አይደለም።

ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ተነሣሁ። ምናልባት ወደ ውጭ ልወጣ ነበር። ከአባቴ ፊት ስደርስ ግን በልማድ ጎንበስ ብዬ «አባ ይፍቱኝ» አልኩ።

እሳቸውም እንደ ልማዳቸው፣ ሳያስቡት፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ።

ቀና ስል ዓይኔ ካቻቢቴው ላይ አረፈ። «ሰማችሁ?» አልኩ። «ፍቺ ብለውኛል።»

አባቴ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እኔ ያልኩት ከኃጢአት ነው።»

«እኔም የጠየቅኩት ከሥቃይ ነው፤ ብሎኑን ካልፈቱልኝ አልፈታም።»

ዲያቆኑ ጠላውን አስቀምጦ ሳቁ አመለጠው። «የኔታ፣ ኅብር ናት! አንድ ቃል ናት፣ ፍቺዋ ሁለት። እኛ እንዲህ ያለችውን ስናመጣ ያመሰግኑን አልነበር?» አባቴ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሊቆጡ እንደፈለጉ ያስታውቃል፤ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሳለ ቃል ሲወዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻ «መፍታት ብቻ» አሉ። «ማሰር የለም። ያሰርሽ እንደሆነ ግን እኔ አላውቅልሽም።»

አምስቱን ብሎን የፈታሁበትን ፍጥነት ዛሬም ድረስ አልደገምኩትም። ቦርዱን ከሳጥኑ አውጥቼ በብስኩት ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት፤ ሽቦዎቹን እንደነበሩ ተውኳቸው። ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ። ይቆማል ብዬ ነበር፤ አልቆመም።

ባዶውን ሳጥን ወደ ብርሃን አዘንብዬ አየሁት። ቦርድ ሳጥኑን እንዳይነካ የሚቀመጠው በትንንሽ የነሐስ እግሮች ላይ ነው። ሳጥኑ አሮጌ በመሆኑ ለቀድሞው ቦርድ የተተከለች አንዲት ትርፍ እግር መሃሉ ላይ ቀርታ ኖሯል። እኔ ስቸኩል አላየኋትም፤ ባጠበቅኩት ቁጥር እሷ ከታች ቦርዱን እየነካች ኮንታክት ትፈጥርና ኃይሉን ታቋርጠዋለች። ይህን ለዲያቆኑ ሳስረዳው «ሲታሰር ይሞታል፣ ሲፈታ ይነሣል በይኛ» አለና ለአባቴ ደግሞ ነገራቸው። ሞኒተሩ ብርሃን ሲሰጥ አባቴ ፊታቸውን ወደዚያ መለሱ።

በርጩማቸውን አምጥቼ ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ፊደሉን የሚቻለውን ያህል አሳድጌ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ወደፊት ዘንበል ብለው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ። እናቴ እልል አለች። ዲያቆኑ አጨበጨበ።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። አባቴ በስመ አብ ሳይሉ ውኃ እንኳ አይጠጡም። ምንም ባያዩ፣ አንድ ነገር ፊታቸው ሲበራ የሚሉት ይህንኑ ነው። ደግሞም ሌላውን ደስ ለማሰኘት የማያዩትን አየሁ ይላሉ፤ ሐኪሙንም እንደዚያ ብለው አታልለውት ነበር። ለኔ ብለው መጻሕፍታቸውን ቢያስቀሩና በየቀኑ እዚህ ተቀምጠው አነበብኩ ቢሉኝስ? ይህን ከማይ ዲያቆኑ ቢወስዳቸው ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ። የጻፍኩትን አጠፋሁና ሌላ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ አልተናገርኩም። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ዲያቆኑን በጣቴ ዝም አሰኘሁት።

አባቴ ዘንበል አሉ። ጣታቸውን አንሥተው እንደ ተማሪዎቻቸው የመጀመሪያውን ፊደል ነኩ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ጣታቸው መጨረሻው ፊደል ላይ ደርሶ ቆመ። እኔ መጠበቅ የማልችለው ሰው ያን ያህል ጠብቄ አላውቅም።

ወደኔ ዞሩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «በአንድ ቀን ሁለቴ ይፍቱኝ የምትይው ምን ኃጢአት ብትሠሪ ነው?»

እኔ እያለቀስኩ ነበር። ዲያቆኑ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደና ጎንበስ አለ። አባቴ ኮሽታውን ሰምተው ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቁት።

«በዓል ነው ብለው እንዳይቆጡኝ የኔታ» አለ፤ «መጻሕፍቱን እየፈታሁ ነው።»