ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሰው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ሲታይ ስንት ነው? ኤዝል ታርቨር በአሜሪካ ደቡብ ባለች አንዲት ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ አጠበ። ጭቃ ከጎማ፣ ማስቲካ ከወንበር ሥር ሲፍቅ ኖረ። የፊተኞቹን፣ ለነጭ ብቻ የተተዉትን ወንበሮች ከእሱ እጅ በላይ የነካቸው አልነበረም፤ ተቀምጦባቸው ግን አያውቅም። ጥቁር ሰው በፊት በር ገብቶ ይከፍላል፣ ይወርዳል፣ ዞሮ በኋላ በር ይሳፈራል። ሾፌሩ ካልታገሠ ሳንቲሙ ተሳፍሮ ሰውየው መንገድ ላይ ይቀራል።

በዚያ የብርድ ወራት የከተማው ጥቁሮች አንሳፈርም ብለው ሲያድሙ ኤዝልም አብሮ አደመ። የእሱ ጣጣ መንገዱ ነበር። ማለዳ ምግብ አብሳዩም፣ አትክልተኛውም፣ ልጅ አሳዳጊዋም እያወራ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ነጮቹ ሰፈር ይጎርፋል። ቤተክርስቲያኑ ያሰማራቸው መኪኖችም ደካማውን እየለቀሙ በዚያው ያልፋሉ። ኤዝል ብቻ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አውቶቡሱ ጋራዥ ይሄዳል፤ መብራት በሌለው፣ የጥጥ ፋብሪካውን አጥር ተከትሎ በሚሄደው ሦስት ማይል መንገድ።

“ወንድም ኤዝል፣ መንገዱ ጠፋህ እንዴ?” ይሉታል ሴቶቹ ሲተላለፉት።

“እናንተ ያልተቀመጣችሁበትን ወንበር ልወለውል ነው።”

ይስቃሉ። ሁሉም ግን አይስቅም።

አውቶቡሶቹ እንደወጡ ንጹሕ ሆነው ይመለሱ ጀመር። ኤዝል የታጠበውን ወለል መልሶ ያጥባል። ባዶነት ሲደጋገም ዝም ብሎ እንደማይቀር፣ አንድ ቀን አንድ ነገር እንደሚጠይቅ ይሰማው ነበር። በሰባተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ የጋራዡ አለቃ ሚስተር ሃርግሮቭ ጠራው።

“አንተ ሽማግሌ፣ እግርህ እንዴት ነው?”

“ደህና ነው፣ ጌታዬ።”

“ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው አውቶቡስ በሰፈርህ ያልፋል። ትሳፈራለህ። ከኋላ ነው፣ እንደ ድሮህ። መስኮቱ ጋ ተቀመጥ፣ ጋዜጠኛ ፎቶ ያነሳሃል።”

ኤዝል የያዘውን ጨርቅ ጨመቀ። ነገሩ ገባው። አንድ ጥቁር ፊት በመስኮት ከታየ አድማው ፈረሰ ተብሎ ይወራል፤ እግሩ የቆሰለው ሁሉ ይከተላል።

“በእግሬ ብመጣ ይሻለኛል፣ ጌታዬ።”

ሃርግሮቭ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

“በፋብሪካው በኩል አይደል የምትመጣው?”

“አዎ፣ ጌታዬ።”

“ብቻህን?”

ኤዝል ጨርቁን አጣጠፈ።

“ሾፌሮቼ ተናደዋል። ሁሉንም እኔ መያዝ አልችልም። እስከ ሰኞ አስብበት።”

ዓርብ ማለዳ አጥሩ ጥግ አንድ የጭነት መኪና መብራቱን አጥፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ከኋላው በእርምጃው ልክ ተከተለው። ኤዝል አልዞረም። ውስጥ ያለው ሰው ሲያስል ሰማ፤ ያን ያህል ቅርብ ነበር። ቤት ልቅር እንዳይል የሚስቱ መድኃኒት በእሱ ደሞዝ ነው። ልሳፈር ቢል ደግሞ በየትኛው ዓይኑ ሰው ሊያይ ነው?

እሑድ ከጸሎት በኋላ መኪኖቹን ወደምታሰማራው ወደ እህት ኦዴሳ ሄዶ ሁሉንም ነገራት።

“ነገ አንድ መኪና በጋራዡ በኩል ይለፍልኝ። መሳፈሩም ይቅርብኝ፣ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ቢሄድ ይበቃኛል።”

“የእኛ መኪና አውቶቡስ ጋራዥ ደጅ ቢታይ ሰው ምን ይላል፣ ወንድም ኤዝል? አሁንም ስለ አንተ የሚያወራ አልጠፋም። ፖሊሱም ሰበብ ፍለጋ ላይ ነው።”

“እንግዲያው አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው ስጪኝ።”

ኦዴሳ በሩ ላይ ወደቆሙት ወንዶች ዞረች። አንዱ ሥራው በምሥራቅ በኩል እንደሆነ ተናገረ። ሌላው ሰዓቱን አየ። ሦስተኛው፣ “እስቲ እንጸልይበት” አለ።

“እስከ ፋብሪካው አጥር ድረስ ብቻ ይሁን” አላቸው ኤዝል። “ከዚያ ወዲያ እኔው እሄዳለሁ።”

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን እየደፉ አንድ በአንድ ወጡ፤ ኤዝል ሰኞም መንገዱን ብቻውን እንደሚሄድ ገባው።