ጎርፍን በጆሯቸው የሚጠብቁት አባባ ዩሱፍ

ዛሬ ከሰዓት የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ጎረቤታችንን አባባ ዩሱፍን ከነሰሌናቸው ወሰዳቸው።

ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ የጠቆረው በሐረር በኩል ያለው ተራራ ነበር። አባባ እንደ ልማዳቸው በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ሰሌን ይሸጣሉ።

«አባባ፣ ተራራው ላይ እየዘነበ ነው፤ ይውጡ!» ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ።

«አቦ ተወኝ! ጃንሆይ ከዙፋን ሳይወርዱ ጀምሮ ጎርፍ ሲመጣ ከሩቅ እሰማዋለሁ» አሉኝ።

ዕድሜ ልካቸውን ለምድር ባቡር ብረት ሲቀጠቅጡ ጆሯቸው የደነቆረ፣ አዛን እንኳ በእጅ ምልክት የሚነገራቸው ሰው! ስቄ ወደ ድልድዩ ወጣሁ።

ጎርፉ እያገሳ ሲመጣ ከላይ ጮህኩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌን ይጠቀልሉ ነበር።

እስካሁን ያገኘነው ቆባቸውን ብቻ ነው።

እናንተ ሰፈርስ ጎርፍን በጆሯቸው የሚጠብቁ ሽማግሌ አሉ? ካሉ እንደ እኔ አትሳቁ፤ እጃቸውን ይዛችሁ ጎትቷቸው።