ሲስተር ቀስ ያኮረፈችበት ዘመን

ስሟን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሁሉም «ሲስተር ቀስ» ነው የሚላት። መርፌ ስትወጋ «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች፤ ምጥ ለያዛት ሴትም «ቀስ በይ እናቴ» ነው ቃሏ። አንዱ ቀልደኛ «እሷ ቀስ ስትል እኛ ቶሎ እንሞታለን» ማለቱን የሰማች ቀን ከሁሉም በላይ የሳቀችው ራሷ ናት።

አዋላጅ ነርስ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኗ በሠላሳ አንድ ዓመቷ እጅ ጭና፣ ጸልያ ወደ አንድ ሩቅ የገጠር ክሊኒክ የላከቻት ለሁለት ዓመት ነበር። ክሊኒኩ አራት ክፍል ነው። የማዋለጃው አልጋ አንድ እግሩ አጥሮ በጡብ ተደግፏል፤ ፍሪጁ የሚሠራው በላምባ ነው። ሕመምተኛ ከመንካቷ በፊት ዓይኗን ጨፍና ሁለት ዐረፍተ ነገር ትጸልይ ነበር። ያመነም ያላመነም «አሜን» ይላል፤ መርፌ ፊት ለፊት ተደቅኖ ማን ይከራከራል?

ሁለቱ ዓመት አሥራ ሁለት ሆነ። ያኔ ጦርነት መጣና መንገዱ ተዘጋ። አብሯት የሚሠራው ሐኪም የመጨረሻው መኪና ላይ ሲወጣ፣ «ነይ እንጂ እህቴ! ባዶ መደርደሪያ ልትጠብቂ ነው የምትቀሪው?» አላት።

«መውለጃቸው የደረሰ ስምንት ሴቶች አሉ። እነሱን ላገላግልና እከተልሃለሁ።»

ስምንቱ ሲወልዱ ሌሎች ደረሱ። በዚያው ቀረች። ላምባው አለቀ፣ ፍሪጁ ቆመ፣ ደም የሚያቆመውን መድኃኒት ሙቀት በላው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ግንበኛ ሚስቱን በጋሪ ጭኖ አመጣ። ሕፃኗ በደህና ተወለደች። የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ሲስተር ቀስ ያላትን መድኃኒት ወጋቻት፤ ውሃ የወጋቻት ያህል ነበር። በአንድ እጇ ማሕፀኗን እየጫነች ጮክ ብላ ጸለየች። ጨርቅ ሲያልቅ የራሷን አንሶላ ቀደደች።

«ሲስተር፣ በረደኝ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም።

ባልየው በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ሲስተር ስትወጣ እጆቿን አየና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎቱ ከአፏ ጠፋ። እጇን ትታጠባለች፣ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ዝም ብላ ትሠራለች። «ጸሎቱስ ሲስተር?» ሲሏት «አንቺ ጸልዪ» ትላለች። ክሊኒኩን ግን አንድ ቀን አልዘጋችም። ተስፋ ኖሯት አይደለም፤ ጠዋት በሩን ስትከፍት ደጃፉ ላይ ሰው ተቀምጦ ስለምታገኝ ነው።

ግንበኛው ልጁን ሊያስመዝን በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ሲስተር ዓይኑን ሸሽታ ሚዛኑን ብቻ ታያለች። በአራተኛው ወር ግን ልጁን እንደታቀፈ፣

«ሲስተር፣ መድኃኒቱ መበላሸቱን ያውቁ ነበር?» አላት።

«ጠርጥሬ ነበር። ሌላ አልነበረኝም።»

«እግዚአብሔርስ ያውቅ ነበር?»

«እሱን አትጠይቀኝ። እኔም አኩርፌዋለሁ።»

ግንበኛው፣ «ከሌለ ጋርማ ማን ይኳረፋል?» አለ። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። «ይሄን ስል ይቅር ብዬዎታለሁ ማለቴ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለችና ሕፃኗን ከእጁ ተቀበለች።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ቤተሰቧ ሄደች። እናቷ ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል፤ መርዶው ያኔ ነው የደረሳት። ለቅሶው ሳይበርድላት ቤተ ክርስቲያኗ ምስክርነት እንድትሰጥ ጠራቻት። ሕዝቡ ተአምር ሊሰማ ግጥም ብሎ ሞልቷል። እሷ ቆማ በእጇ ላይ ስለሞቱት እናቶች ተናገረች፤ አንዷ ምን እንዳለች፣ አንዷ ማንን እንደጠራች። «ጸለይኩ፤ ሞቱ» ብላ ተቀመጠች። መጋቢው ተጣድፈው ዘማሪዎቹን አስነሡ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታናሽ ወንድሟ፣ «እታለም፣ የሚያጽናና ነገር ጣል ብታደርጊበት ምን ነበር?» አላት።

«አላገኘሁማ።»

«ታዲያ ወደ ክሊኒኩ ለምንድን ነው የምትመለሺው?»

«ለእግዚአብሔር ቃል ገብቻለሁ» አለች። «እሱ የገባልኝን ይጠብቅ አይጠብቅ የራሱ ጉዳይ ነው። የእኔን ግን እኔ ነኝ የምጠብቀው።» ድምፅዋ ውስጥ ድፍረት አልነበረም፤ ድካም ብቻ።

ተመልሳ አሥራ ሦስት ዓመት ሠራች። ኩርፊያው በአንዴ አልበረደም። አንዳንድ ቀን ጓንቷን ስታጠልቅ «እባክህ» የሚል ቃል ብቻ ያመልጣታል፤ አንዳንድ ቀን እሱም የለም። አዲሱ የማዋለጃ ክፍል ሲሠራ ግንቡን ያቆመው ያው ግንበኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ ይቅርታ ግን እሱም አላነሣ፣ እሷም አልጠየቀች። ዓይኗ ደክሞ ደም ሥር ማግኘት ሲያቅታት ሥራውን ለወጣት አዋላጅ አስረከበች። ወንድሟ ሊወስዳት ቢመጣም «እዚሁ እቀራለሁ» ስላለችው ብቻውን ተመለሰ።