ሌሎቹ ሳይነቃነቁ የምትነሳው ድምፅ

በሃንድሊ ጎተራ መድረክ ላይ ከግራ ሁለተኛዋ ወንበር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኦሊታ ፕሩዊት ነበረች። ጎተራው በስሙ ብቻ ነው እንጂ እህል አይቶ አያውቅም። ከቤከርስፊልድ ወጣ ብሎ፣ በድንች እርሻውና በነዳጅ ጉድጓዶቹ መካከል የቆመ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ የጭፈራ ቤት ነው። አርብና ቅዳሜ ማታ የነዳጅ ሠራተኞቹ ይጠጡበታል፣ ሲሞቃቸውም ይደባደቡበታል። እሑድ ከሰዓት ግን ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ የዶሮ ጥብሱን በፎጣ ጠቅልሎ ይመጣል። ኦሊታ የምትወደው እሑድን ነው።

መሣሪያዋ ስቲል ጊታር ነው፤ በእግሮቹ ላይ እንደ ጠረጴዛ የተጋደመ፣ ስምንት ክር ያለው። በቀኝ እጇ ክሮቹን ትነካለች፣ በግራዋ ለስላሳ የብረት ዘንግ ከላያቸው ላይ ታንሸራትታለች፤ ያኔ ጊታሩ ሆድ እንደባሰው ሰው ያለቅሳል። በጣም የሚያሳዝኑትን ዘፈኖች ስትጫወት ከኦክላሆማ ተሰደው የመጡት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ።

እሷም ከዚያው ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ በፈረንጆቹ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት፣ በጭነት መኪና ላይ ከፍራሽና ከምድጃ ጋር ተጭና ነው ካሊፎርኒያ የገባችው። አባቷ በመንገድ ሁሉ ጥያቄዋ አሰልችቷቸው፣ «ይቺ ልጅ መኪናው ሲበላሽ አታዝንም፤ ምኑ እንደተበላሸ ካላየሁ ነው የምትለው» ይሉ ነበር። ጊታሩንም ያስተማራት ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ትምህርት የሚሸጥ ሰውዬ ነው። ሦስት ቀን አስተምሯት ጠፋ። የቀረውን ራሷ እየነካካች ደረሰችበት። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ድንች ትለያለች፣ ባሏ ኸርሼል የነዳጅ ቧንቧ ይበይዳል።

በሃምሳ አምስት የጸደይ ወቅት፣ አንድ እሑድ ቀደም ብላ መጥታ፣ የዳንሰኞቹ ቦት ጫማ እንዲንሸራተት የበቆሎ ዱቄት ወለሉ ላይ ስትነሰንስ፣ የሸክላ ማጫወቻው ሳጥን አዲስ ዘፈን ማዜም ጀመረ። ኦሊታ እጇ ዱቄት እንደያዘ ቀረ። ስቲል ጊታር ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ስቲል ሰምታ አታውቅም። ሦስት ድምፆች አብረው ተመቱ። ሁለቱ በቦታቸው ሆነው ሦስተኛዋ ከመካከላቸው ብድግ አለች፤ እንግዶች በተቀመጡበት አንዲት ሴት የማንንም ቀሚስ ሳትረግጥ ቀስ ብላ እንደምትነሳ።

ይህ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ዘንጉ ሲሄድ ክሮቹ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዷን ለይቶ ማስነሳት አይቻልም። ዘፈኑን አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግማ አጫወተችው።

በሳምንቱ ሰዉ «ያቺን የምትነሳዋን ተጫወቺልን» ማለት ጀመረ። ኦሊታ ዘንጉን አጋድማ ሞከረች፣ አልሆነም። ክሩን በጣቷ ከበስተኋላ ልትጫን ሞከረች፣ ሦስተኛ እጅ አነሳት። በሦስተኛው እሑድ ባስ የሚሉትን ትልቅ መሣሪያ የሚጫወተውን ዱዌይንን ለመነችው።

«ወንድሜ፣ ከሥር ተንበርከክልኝ። ጉልበቴ ሲነካህ አራተኛዋን መቃኛ ትንሽ ታዞራለህ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው እኔን ነው የሚያየው።»

ዱዌይን ባሱን ግድግዳ አስደግፎ ተንበረከከ። ጉልበቷ ሲነካው አምስተኛዋን መቃኛ አዞረ፤ ያውም ወደ ወዲያኛው። ጊታሩ እንደታነቀ ዶሮ ጮኸ። ከመጠጥ ባንኮኒው በኩል አንዱ «ዱዌይን! ዘፈን ነው ወይስ ላሟን እያለብካት ነው?» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኦሊታም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን እስከ ጫፉ ቀላ።

የቤቱ ባለቤት ሚስተር ሃንድሊ አልሳቁም። ጭፈራው ሲያበቃ ወደ መድረኩ መጡ።

«ፍሬስኖ አንድ ሰው አለ፣ ቫን ክሪድል የሚሉት። ያንን ድምፅ ያወጣል። በመጪው እሑድ ይመጣል። ሰዉ ከወደደው ወንበሩን እሰጠዋለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺ መቼም ድንቹ አለሽ።»

«ድንች አይዘፍንም፣ ሚስተር ሃንድሊ።»

ሰውየው ጥለዋት ሄዱ። ኦሊታ ሳምንቱን ሙሉ ድንቹን ስትለይ ስለ ወንበሯ እያዘነች ሰነበተች። የሚያስደንቀው ግን፣ ከኀዘኗ በላይ ያ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ አለማወቋ ነበር እንቅልፍ የነሳት።

እሑድ ክሪድል መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ ዕድሜው ከእሷ ብዙ አይርቅም። ጊታሩ ከክሮቹ ሥር እስከ ወለሉ ድረስ ስሙ በወርቃማ ክር የተጠለፈበት ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ለብሷል። የስቲል ተጫዋቾች ነገር እንዲህ ነው፤ መሣሪያቸውን ይሸፍናሉ፣ አንዱም የሌላውን ጨርቅ አይገልጥም። የሰው ፈረስ ያለፈቃድ እንደመጋለብ ነውር ነው። ከአርቪንና ከታፍት ከተሞች የመጡ ሦስት ተጫዋቾች ከፊት ተደርድረው ተቀመጡና እጆቹ ላይ አፈጠጡ።

ኦሊታ ግን መድረኩ ላይ ሲወጣ ጫማውን አይታ ነበር። የቀኙ እንደ ማንኛውም ሰው ቦት ነው። የግራው ስስ የቤት ጫማ ነው።

«እግሩ ቆስሎ ይሆናል» አለ ኸርሼል።

«ሲራመድ አላነከሰም።»

ዘፈኑ ተጀመረ፤ ድምፁ ብድግ አለ፣ ሰዉ አፏጨ። ሦስቱ ተጫዋቾች አንገታቸው ረዘመ። ኦሊታ እጆቹን ማየት ተወች። ድምፁ ሁለተኛ ሲነሳ አየች፣ ሦስተኛም ሲነሳ አየች፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር የሰውየው ግራ ትከሻ የጣት ስፋት ያህል ዝቅ ትላለች።

በዕረፍቱ የሙዚቃ ባንዱ ምሳ ሊበላ ወጣ። ጊታሩ ጨርቁን ለብሶ ብቻውን ቀረ። ኸርሼል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ማንም የለም፤ ገለጥ አድርጊውና እንገላገል» አላት። ኦሊታ ወደ መድረኩ ወጣች። ከፋዩ ከጉልበቷ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር፤ ልትገልጠው ዳዳት። ከዚያ እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችና በጓሮ በር ወጣች።

ክሪድል መኪናው ላይ ተደግፎ ሳንድዊች ይበላል።

«በእግርህ ነው» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትል።

«ምኑ?»

«ክሩን የምትጎትተው። በግራ እግርህ።»

ማኘኩን አቆመ። «ጨርቄን ገለጥሽ?»

«አልገለጥኩም።»

«ታዲያ ማን ነገረሽ?»

«ትከሻህ።»

ትከሻውን ዞር ብሎ አየው፣ የሰው ነገር ይመስል፤ ከዚያም ሳቀ። «ስንቱ ተጫዋች እጄ ላይ ሲያፈጥ ዓይኑ ቀልቷል እኮ! አንቺ ሴትዮ የምታስፈሪ ነሽ።»

«የትኛው ክር ነው?»

«እሱንማ ለእናቴም አልነገርኩ።»

«እናትህ ስቲል ትጫወታለች?»

«አትጫወትም። ወሬ ግን ትወዳለች።» ሳንድዊቹን ጨረሰና ጣቱን ጠረገ። «ወንበሩ የማን ነው? የሚቀመጥበት ሰው ሊለቅ ነው ብለውኛል።»

«የኔ ነው። አልለቅም።»

ክሪድል መሬት መሬት አየ። «ይሄን አልነገሩኝም።»

አብረው ሚስተር ሃንድሊ ጋ ገቡ። ኦሊታ የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቀች፤ በመጪው እሑድ ሁለቱም ይጫወቱ፣ እሳቸውም ይፍረዱ። ሚስተር ሃንድሊ ትከሻቸውን ሰበቁ።

«ደግ። ግን እኔ ጆሮ የለኝም፣ ታውቂያለሽ። የማየው ወለሉን ነው። ሰው እየደነሰ ከሆነ ባንዱ ጥሩ ነው። ከቆመ መጥፎ ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁት በዚህ ነው።»

ሰኞ ከሥራ መልስ ኦሊታና ኸርሼል ከቤታቸው ጀርባ ቁጭ ብለው ብረት መረጡ። ከሞተ መኪና የነዳጅ ፔዳል ነቀሉ፣ ከባለ ወንፊቱ የዝንብ መከላከያ በር ጠምዛዛ ሞላ ፈቱ፣ ከፍየሎቹ በረት ማጠፊያ አወለቁ። ኸርሼል መበየጃውን ለኮሰ። መጀመሪያ ከፔዳሉ የሚወጣውን ብረት በቀጥታ ክሩ ላይ አሰሩት፤ ኦሊታ ፔዳሉን ስትረግጥ ክሩ ተበጥሶ አገጯን ገረፋት።

«ክሩን አትጎትቺዋ! ክሩ የታሰረበትን ጎትቺ» አለ ኸርሼል፣ ደሟን በመሐረቡ እየጠረገላት። ክሩን ማጠፊያው ላይ አሰሩት፤ ማጠፊያውን ሞላው ወጥሮ ያዘው። ሐሙስ እለት ለሁለተኛ ጊዜ ረገጠች።

ድምፁ አልተነሳም፤ ወረደ።

ኸርሼል ባርኔጣውን መሬት ወረወረ። «በተቃራኒው በየድኩት! ሲረገጥ ያላላዋል እንጂ አያጠብቀውም። ተዪው፣ ላፍርሰው።»

«ቆይ» አለች። ደግማ ረገጠች። ሁለቱ ድምፆች ቆመው፣ አንዷ በመካከላቸው ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ረጅም መንገድ ሄዳ በመጨረሻ ወንበር እንዳገኘች ሴት። ኦሊታ ደግማ ደጋግማ ረገጠች፣ ራት እስኪያልፍ። «ኸርሼል፣ እንዳትነካብኝ።»

እሑድ ጎተራው ጢም ብሎ ሞላ። ሚስተር ሃንድሊ እጃቸውን አጣጥፈው በሩ ጥግ ቆሙ፤ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። ክሪድል መጀመሪያ ተጫወተ፣ ወለሉም ሞላ፤ ቦቶቹ ዱቄቱ ላይ ሸርተት ሸርተት አሉ። ተራው የኦሊታ ሆነ። ጊታሯ ጨርቅ አልለበሰም። ልትሰፋለት ጊዜ አልነበራትም፤ ደግሞ ማጠፊያው በላላ ቁጥር ጎንበስ ብላ ማጥበቅ አለባት። ጉዱ ሁሉ አደባባይ ላይ ነው፤ ዝገቱም፣ ብየዳውም፣ የፍየል በረቱ ቀለምም።

ዝግ ያለ ዘፈን ጀመረች። መሃል ላይ ረገጠችው፤ ድምፁ ተቀመጠ።

አንድ ጥንድ ዳንሰኞች ቆሙ። ቀጥሎ ሌሎች። ከዚያ ወለሉ ሁሉ ቀጥ አለ። ኦሊታ ይህን አየች፤ በሚስተር ሃንድሊ ሕግ ወንበሯ መሄዱ ነው። ግን ዘፈኑን በመሃል መተው አልሆነላትም፤ እስከ መጨረሻው ተጫወተችው። እንደጨረሰች ሰዉ ወደ መድረኩ ጎረፈ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያለ ከጊታሩ ሥር ያያል።

«ማጠፊያ ነው እኮ! የማንን በር ነቀልሽ?»

«የፍየሎቹን።»

«ፍየሎቹስ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ የኸርሼልን ሱሪ እየበሉ ነው።»

ሚስተር ሃንድሊ በሰዉ መካከል እየገፉ መጡ። «ይሄ ጭፈራ ቤት ነው ወይስ የመኪና ጥገና? ይኸው ወለሌን ባዶ አስቀረሽው! ኦሊታ፣ ያልኩሽን ሰምተሻል...»

ሊጨርሱ አልቻሉም። ክሪድል ለንጹሕ ሱሪው ሳይሳሳ ጎንበስ ጎንበስ ከሚለው ሰው መሃል ተንበርክኳል፤ አንገቱን ከጊታሩ ሥር አስገብቶ ሞላውን በጣቱ ይነካል።

«ወደ ታች እንዴት አወረድሽው?»

«ሞላው ወጥሮ ይይዘዋል፤ ፔዳሉ ያላላዋል» አለች ኦሊታ። የጠየቃትን ሁሉ ነገረችው፤ የትኛው ክር እንደሆነም ጭምር። የታፍቱ ተጫዋች ጆሮውን አቁሞ ሰማ፤ እሱንም አልከለከለችውም።

«አንተ ይሄን አታውቀውም?» አሉ ሚስተር ሃንድሊ ክሪድልን።

«ኧረ እኔ የማውቀው ማስነሳት ብቻ ነው።»

ሚስተር ሃንድሊ አገጫቸውን አሹ። ከኦሊታ ክሪድልን፣ ከክሪድል ኦሊታን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ያልጠገበ ሰው አሁን አይቶ ይጥገብ! ከዚያ ሁላችሁም ወደ ወለሉ! ኦሊታ፣ ያንኑ ድገሚው። ከደነሱልሽ ወንበሩ ያንቺ፤ እንደ ሐውልት ከቆሙ የሱ።»

ሰዉ ተራ በተራ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ያየ ወደ ኋላ ተመለሰ። ኦሊታ ማጠፊያውን አጠበቀች። ዱዌይን ባሱን አቀፈና ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ አንዴ ተቀመጠ፤ ሰዉ እንደቆመ ነው። ኦሊታ ዓይኗን ከክሮቹ አላነሳችም። ሁለተኛ ሲቀመጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ባሏን በክርኗ ጎሰመችው፤ «አየኸው አይደል? በል እንግዲህ፣ እግርህን አንሳ።» ተነቃነቁ። ከኋላቸው ሌላ ጥንድ፣ ከዚያም ሌላ። ምስጢሩን ያየ ሰው የሚያፈጥበት ምክንያት አልነበረውም፤ የቀረው መደነስ ብቻ ነው። ድምፁ ለአራተኛ ጊዜ ሲቀመጥ ወለሉ ሁሉ አብሮት ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ።

ሚስተር ሃንድሊ እጃቸውን እንዳጣጠፉ ጥቂት አዩ። ከዚያ እጃቸውን ፈቱና ቢራ ሊቀዱ ወደ ባንኮኒያቸው ሄዱ።

«ምን አሉ?» አለች ኦሊታ፣ ቀና ሳትል።

«ምንም» አለ ዱዌይን። «ወለሉ ሞልቶላቸው ቢራ እየቀዱ ነው። ተጫወቺ፣ እህቴ፤ ገና ብዙ ዘፈን ይቀረናል።»