አንዴ ብቻ የሚጠይቁት እንግሊዛዊ

በስደት ከምንኖርበት የፈረንጅ ከተማ ዳር፣ ሊትልተን የሚኖሩ የአንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሹፌር ነበርኩ። ሀብታቸው ከአያታቸው የሳሙና ፋብሪካ የመጣ ነው፤ የዓለምን ግማሽ ያጠበ ሳሙና ነው ብል ያጋነንኩት ትንሽ ብቻ ነው። በአገራቸው የፓርላማ አባል ነበሩ። ልጃቸውን ተከትለው እዚህ ከመጡ ወዲህ ሥራቸው መስጠት ሆኗል። ፀሐይ በማይጠፋበት በዚህ አገር ያለ ጃንጥላ አይወጡም። በረዶ ሲጥል ደግሞ የመኪናውን መስኮት ከፍተው ንፋስ ይቀበላሉ፤ እኔ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እነዳለሁ። ይሄን ሁሉ ችዬዋለሁ። የሚያስፈራኝ አንድ ጠባያቸው ነበር፤ ማንኛውንም ነገር የሚጠይቁት አንዴ ብቻ ነው።

ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ፣ የእኛ የሐበሻ ሽማግሌዎች ቀን ቀን የሚውሉባት አሮጌ ሱቅ አለች። ባለቤቱ ልሸጣት ነው፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ገዢ ካላመጣችሁ ለሌላ ሰው እፈርማለሁ አለ። እናቴ ሌላ መዋያ የላትም። ቤት የዋለች ቀን ከቴሌቪዥኑ ጋር ተጣልታ ነው የምታመሸው። ነገሩን ለእንግሊዙ ነገርኳቸው፤ "እንሂድና እንየው" አሉ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ደረስን። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር፣ ከረባት አስረው ቆመው ጠበቁን። እንግሊዙ ቤቱን ዞረው አዩና ብዕራቸውን አወጡ።

"ገዝቼ ልስጣችሁ። ትቀበላላችሁ?"

ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ በሚያምር የመምህር እንግሊዝኛቸው፣ "በፍጹም ጌታዬ! ይሄማ በጣም ብዙ ነው። አይሆንም!" አሉ።

ማንም አልደነገጠም። የታወቀ ነው፤ ሰጪ ይለምናል፣ ተቀባይ ይግደረደራል፣ ሦስተኛው ላይ "እንግዲህ ካሉማ" ይባላል። ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመሩ። እኔን ብቻ ላብ አጠመቀኝ።

እንግሊዙ ብዕራቸውን ከደኑ። "ገባኝ" አሉና ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

መኪና ውስጥ ለመንኳቸው። "ጌታዬ፣ በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው!"

"ድምፅ ፍለጋ ቤት ለቤት ስዞር፣ አንዲት ሴትዮ አልመርጥህም አለችኝ" አሉ። "ደግሜ ጠየቅኳት። ውሻዋን ለቀቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ አይሆንም ያለኝን ሰው አምናለሁ። ከፈለጉ እሳቸው ይንገሩኝ።"

ኤሊ በምትቀድመኝ ፍጥነት ሎውሪ የሚባለው ሰፈር ደረስኩ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው። ቀይ መብራት ሲይዘኝ ለጋሼ ደውዬ ስፒከር ላይ አደረግኳቸው።

"ጋሼ፣ ሰውየው ደግመው አይጠይቁም። እፈልጋለሁ ብለው እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።"

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ አፌን ሞልቼ ስጡኝ ልበል? አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ? አንዴ ደገም ቢያደርጉት ምን ይጎድላቸዋል?"

"አይሆንላቸውም።"

"ምለዋል?"

"ውሻ ነክሷቸዋል።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀብኝ። እንግሊዙ አማርኛ ባይሰሙም ስልኩን አፍጥጠው ያዩታል። ያኔ ከወዲያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ "ይበሉ እንጂ መምህር! ሰኞ የት ልንውል ነው?"

ጋሼ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ፣ ተናገሩ።

"ጌታዬ፣ ቅድም ያልኩት የልቤን አልነበረም። ቤቱን እንፈልገዋለን። እባክዎ፣ ይስጡን።"

እንግሊዙ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው "በታላቅ ደስታ" አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ "አዙረው!"

መዞር በተከለከለበት ዩተርን አደረግኩ። ባለቤቱ መጥቶ ውሉ ሲፈረም ለአሥራ አንድ አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ ጋሼም የእንግሊዙን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እኔን ግን ስላስለመንኳቸው ተቀይመው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እናቴን ላደርስ በሄድኩ ቁጥር፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እያዞሩ አሳለፉኝ።