ሰባተኛው ጠጉር

ወይዘሮ ሽታዬ ሹሩባ ከመጀመራቸው በፊት ከሴቲቱ አናት ላይ አንድ ጠጉር ነቅለው ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ይጥሉ ነበር። ወዲያው ጠጥቶ የሰመጠውን «አሸዋ»፣ ሳይርስ የተንሳፈፈውን «ዓለት» ይሉታል። ቀጥሎም አውጥተው በሁለት ጣታቸው ይስቡታል፤ ተለጥጦ ወደ ጥቅልሉ ከተመለሰ «ሐረግ» ነው፤ ሳይለጠጥ ከተበጠሰ «ጭድ»። በላሊበላ ስለ ጠጉር የሚነገረው ከርዳዳና ዞማ ተብሎ ብቻ ነበር፤ አንዱ ለስድብ፣ ሌላው ለሙገሳ። እርሳቸው ግን፣ «ከርዳዳ ስድብ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ደረቁን የሚያበጥር ነው የሚያበላሸው» ብለው ጠጉሩን በውኃ ያረጥቡና ከጫፉ ጀምረው ወደ ሥሩ ቀስ እያሉ ይፈቱታል። አሸዋን በውኃ አርሰው ሳይደርቅ በለጋ ቅቤ ይደፍኑታል፤ ዓለትን ለብ ባለ የተልባ ውኃ ያሹታል እንጂ ቅቤ አያስነኩትም። «ዓለት ላይ ቅቤ ማፍሰስ ለዝንብ መደገስ ነው» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ሽታዬ ከብልባላ ወደ ላሊበላ የመጡት ብቻቸውን ነው። ከገበያው በታች፣ በወይዘሮ ባንቺዓለም ግቢ፣ ባለ አንድ በር ክፍል ተከራይተው በዚያው ይኖሩም ይሠሩም ነበር። ከዚያች ክፍል ቢወጡ በከተማው ሌላ የሚገቡበት አልነበራቸውም። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው ቀጥሎ የምጽፈውን ያደረግሁት።

በእኛ ዘንድ ሴት የተበጠረ ጠጉሯን ጥላ አትሄድም። በጣቷ ጠቅልላ በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፤ በሰው እጅ ከገባ ለመተት ይውላል ተብሎ ይፈራል። ወይዘሮ ሽታዬም ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ «እንቺ ጠጉርሽን፤ ቁጠሪና ውሰጂ» እያሉ እየቀለዱ ይመልሳሉ። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛነትን ለማንም ያላስነካሁ ተማሪ ነበርሁ፤ ሳይቆጠር የሚቀር ነገር አይስማማኝም ነበር። በጣሳው ውስጥ የገባችው አንዲት ጠጉር ለማንም ተመልሳ እንደማታውቅ ያስተዋልሁት እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ደብተር ይዤ ስለ ሥራቸው ልጠይቃቸው ብሄድ፣ አንድ ነገር በእግራቸው አልጋ ሥር ገፋ አደረጉና፣

«ቀበሌ ነው የላከሽ?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ ሽታዬ፣ እኔ ተማሪ ነኝ።»

«የሚጽፍ ሁሉ ተማሪ ነኝ ነው የሚለው።»

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር የሽልማት ቀናችን ደረሰ። ፎቶግራፌ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነበርና፣ እናቴ ቤት በሌለችበት ከክፍል ጓደኛዬ የተዋስሁትን የብረት ማበጠሪያ በፍም አግዬ ጠጉሬን ተኮስሁት። ለሽልማቱ ቀን እንደ ዞማ ወረደልኝ። በሳምንቱ ለሹሩባ ስሄድ ወይዘሮ ሽታዬ እንደ ልማዳቸው አንዷን ነቀሉ፤ ወደ ጣሳው ግን አልጣሏትም። አሸተቷት። አዩኝ። ምንም ሳይሉ እጃቸውን እያቀለሉ ሠሩኝ።

ያ ዝምታ እንቅልፍ ነሣኝ። ለአባቴ ለመሪጌታ ወልደ ኪዳን ለመንገር ነው የሚጠብቁት ብዬ ጠረጠርሁ፤ በአባቴ ቤት ጠጉር መተኮስ ነውር ነበር። የግንባሬ ጠጉር መርገፍ ሲጀምር ቀድሜ ተናገርሁ።

«እትዬ ሽታዬ ቅቤ ከቀቡኝ ወዲህ ነው የሚረግፈው። ደግሞም ከያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጠጉር ያስቀራሉ።»

«በዓይንሽ አይተሻል?» አለኝ አባቴ።

«አይቻለሁ።»

ፊተኛው ሐሰት፣ ኋለኛው እውነት ነበር፤ አባቴ ያመነኝ በኋለኛው ነው።

ወሬው በሦስት ቀን ገበያውን አዳረሰ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ከወይዘሮ ሽታዬ አልጋ ሥር ገብተው አንድ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አወጡ። ቅዳሜ ጠዋት ከሃያ የማያንሱ ሴቶች በግቢው ተሰበሰቡ፤ እኔም ከመካከላቸው ቆምሁ። ነገሩን እንዲያይ የተጠራው አባቴ ቆርቆሮውን ሲከፍተው ጠጉሮቹ እያንዳንዳቸው በቀለም ክር ታስረው፣ ክሩም ላይ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ ተገኘ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ደብተሬ ነው፣ የኔታ» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። «ፊደል አልቆጠርሁም። ቀይ ያሰርሁላት ቅቤ አትወድም፤ ነጭ ያሰርሁላት ውኃ አትጠግብም። ቋጠሮው ስንት ጊዜ እንደመጣች ነው።»

«እሰይ ደብተር!» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም። «ጋኔኑ ነው የሚያርምልሽ? እቃሽን ሰብስቢና ከቤቴ ውጪልኝ!»

አባቴ እጁን አነሣ። «ቆዪ፣ ደብተር ከሆነ ይነበባል። አንብቢው፣ ሽታዬ።»

ሰባት ጠጉር እያወጣ አንድ በአንድ ሰጣቸው። ወይዘሮ ሽታዬ ዓይናቸውን ጨፍነው የመጀመሪያዋን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺ ዓለት ናት። ከሦስተኛው ልጅ በኋላ በግራ ጆሮ በኩል ሳስታለች። የባንቺዓለም ናት።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ግራ ጆሯቸው ሄደ። ሁለተኛዋንም ሦስተኛዋንም አወቁ፤ ባለቤቶቹም አልካዱም። ማወቃቸው ነጻ የሚያወጣቸው መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ባወቁ ቁጥር ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው እየሳቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «በአንዲት ጠጉር ሰው ታውቃለች!» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ስድስተኛዋን ሲጠሩ አባቴ ራሱ የአንገት መስቀሉን ጨበጠ።

ሰባተኛዋ በጥቁር ክር የታሰረች ነበረች። ሥሯ ጥቅልል፣ ጫፏ እንደ ሽቦ ቀጥ ያለ። ከሩቅ አወቅኋት። ወይዘሮ ሽታዬ ዳሰሷት፤ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጓት። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አላወቅኋትም።»

«እንዴት?» አለ አባቴ።

«አላወቅኋትም፣ የኔታ። ሰው አይደለሁ? እሳሳታለሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ባንቺዓለም ናቸው። «ወይ ጉድ! ጋኔኗ ስድስት ቆጥሮ ደከመው!» ሴቶቹም ሳቁ፤ ነጠላው ወደ ትከሻ ተመለሰ። አባቴ ጠጉሮቹን ወደ ቆርቆሮው መልሶ ከደነው። «የሚሳሳትስ ጠንቋይ አይደለም። ሥራሽን ሥሪ» አለ። ወይዘሮ ባንቺዓለምም ስለ ቤቱ ዳግመኛ አላነሡም። የሰባተኛዋን ጠጉር ባለቤት ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አፌን አልከፈትሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ወይዘሮ ሽታዬ ሄድሁ። ምንም ሳይጠይቁኝ መቀስ አንሥተው የተቃጠለውን ሁሉ ይቆርጡ ጀመር።

«ያን ቀን አውቀውኝ ነበር፣ አይደል?»

«ምን ጥያቄ ነው ይሄ! የተቃጠለ ጠጉር ጠረን ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለእኔ አዝነው ነው?»

መቀሱን አቆሙ። «ስድስተኛዋን ስጠራ አባትሽ ምን እንደጨበጡ አላየሽም? ሰባተኛዋን ብጠራ ኖሮ ዛሬ ብልባላ ነበርሁ።» መልሰው መቁረጥ ጀመሩና፣ «አንደኛ የምትወጪው አንቺ ነሽ፤ ለማን እንዳዘንሁ አንቺው አስቢው» አሉኝ።

ስነሣ ባለ ጥቁር ክሯን ጠጉር ከቆርቆሮው አውጥተው በመዳፌ አኖሩ። «እንቺ ጠጉርሽን፤ ቁጠሪና ውሰጂ።» ድምፃቸው እንደ ሌላው ጊዜ የቀልድ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ምሕረት ይሁን ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በመንገዴ ላይ ስንጥቅ ያለው ግድግዳ ብዙ ነበር። በአንዱም አልሸጎጥኋትም። አባቴ በረንዳ ላይ ሲያነብ አገኘሁትና በተከፈተው መጽሐፍ ላይ አኖርኋት። ጥቅልል ሥሯንና ቀጥ ያለ ጫፏን ተመለከተ፤ ቀና ብሎም የተቆረጠ ጠጉሬን አየ።

«እውነትም ይነበባል» አለ፤ «ይቅርታ አለብን።» ነጠላውን ከትከሻው ላይ አስተካክሎ ተነሣና ወደ ወይዘሮ ሽታዬ ቤት ቁልቁል ወረደ። እኔንም እንድከተለው በእጁ ጠቀሰኝ።