የለሊሴ ቀላል ዘንግ

መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራው ናትናኤል ከጓደኞቹ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ሊወጣ አስቦ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ልጅ ሆነው ያጠምዱ ነበር አሉ፤ እባክዎ አብረውኝ ይምረጡ» ብሎ ባለፈው ቅዳሜ መገናኛ አጠገብ ወዳለ የስፖርት ዕቃ መደብር ወሰደኝ። ሻጯ ከመደርደሪያው ጥቁር ቀጭን ዘንግ አውርዳ ሰጠችኝ። እጄ ክብደት ጠብቆ ስለነበር ዘንጉን እንደያዘ ወደ ላይ ተስፈነጠረ። «ለትንንሽ ወንዝ የሚሆነው ይሄ ነው፤ ካርቦን ስለሆነ መያዝዎ ራሱ አይታወቅዎትም» አለችኝ። ናትናኤል ደስ ብሎት ስለ ርዝመቱና ስለ ክሩ ይጠይቃታል፤ እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞሬ ከእንባዬ ጋር እታገል ነበር። አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ እንጦጦን ሲያስስ የከረመው እንዲህ ያለ ዘንግ ፍለጋ ነበር።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መንገዱ ወደ ዳገቱ መውጣት ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከጓሯችን ሥር ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ቀበና የሚወርድ ጅረት ያልፋል። ያኔ ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚታይ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተንሳፈፈበት የሚወርድ፣ እግር ሲነክሩበት እስከ አጥንት የሚያቀዘቅዝ ውኃ ነበር። አባዬ አናጢ ነበር። ሙገር ወንዝ አካባቢ ተወልዶ አድጎ፣ እርሻውን ትቶ ከተማ ገባ፤ እናቴም «ከአገሩ ይዞ የመጣው ኦሮምኛውንና ዓሣ ማጥመዱን ብቻ ነው» እያለች ታሾፍበት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔንና ታላቅ እህቴን ለሊሴን ይዞን ይወርዳል። በመንጠቆው ላይ የአውራ ዶሮ ላባ በክር አስሮ ዝንብ ያስመስለዋል፤ ዓሦቹም ከጣቴ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ። እናቴ የቀኑን ሲሳይ ሁሉ በአንዲት መጥበሻ ጠብሳ ታቀርባለች፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጉርሻ ከደረሰን በኋላ አባዬ ሆዱን እየደባበሰ «ኧረ ጠገብን!» ሲል ድመታችን ብቻ አታምነውም ነበር።

አንድ ክረምት ለሊሴን ጉሮሮዋን አሟት ተኛች። ትኩሳቱ ሲለቃት ልቧን ጎድቶት ሄደ። ሐኪሞቹ የሚያድናት ቀዶ ጥገና እዚህ አገር እንደማይሠራ ለአባዬ ነግረውት ነበር፤ ይህን የሰማሁት ግን አድጌ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ለሊሴ ትምህርት ማቆሟን፣ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ እንደሚያጥራት፣ እናቴም ጸሎት ቤት ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀርታ እንደምታለቅስ ብቻ ነበር። «አባዬ፣ ትምህርቱ ይቅር፤ ወንዙን ግን አትከልክለኝ» አለችው፤ አልከለከላትም።

በመጀመሪያ የባሕር ዛፍ ዘንጓን በቀርከሃ ለወጠላት። ብዙም ሳይቆይ ቀርከሃውም ክንዷን አደከመው። ከዚያ በኋላ አባዬ ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ በማለዳ እንጦጦ እየወጣ፣ ጭራሮ ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ጋር በቀጭኑ መንገድ እየተላለፈ፣ ረግረግ ካለበት ቦታ ሸምበቆ ቆርጦ ይመጣ ጀመር። አንዱን በጣቱ ላይ አጋድሞ ይመዝነዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ ይጥለዋል፤ ሌላውን ያነሣል። የወደደውን ከጣሪያው ሥር ሰቅሎ ያደርቅና በጠርሙስ ስባሪ እየፋቀ ያቀጥነዋል። ለሊሴ ዓይኗን ጨፍና ትይዘዋለች፤ «ትንሽ ይቀረዋል» ስትለው ተቀብሏት እንደገና ይፍቃል።

የእኔ ዘንግ ግን ያው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ዓሣ ለማጥመድ ሳይሆን በሬ ለመንዳት የተሠራ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ተቀምጠን ሳለ ቅናቱ አላስችል ብሎኝ፣ «አባዬ፣ ዓሣው እንደሆነ ያው ነው፤ የእሷ ዘንግ ብቻ ለምንድን ነው የሚቀጥነው?» አልኩት። አባዬ መንጠቆ እንደሚያስር ሰው አቀረቀረ። የመለሰችልኝ ለሊሴ ነበረች።

«ዓሣው አይደለም ማሙሽ» አለችኝ ፈገግ ብላ፤ «እኔ ነኝ የቀጠንኩት።»

አባዬ ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ሄደ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የወረድነው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አባዬ በጀርባው አዝሏት ወርዶ፣ የእናቴን ጋቢ ድንጋይ ላይ አንጥፎ አስቀመጣትና ከሁሉ የቀለለውን ሸምበቆ እጇ ላይ አኖረላት። ብዙ ቆየን። ድንገት ዓይኗ በራና «ነካኝ! አባዬ፣ ነካኝ!» ብላ አንሾካሾከች። «ሳቢው! ሳቢው!» ብዬ ጮኽኩ። አልሳበችውም። ያ ጣት የማያህል ዓሣ ክሩን ሲነካካ፣ መንቀጥቀጡ በሸምበቆው አልፎ መዳፏ ድረስ ሲመጣ እየሳቀች ታዳምጠው ነበር። ዓሣው ላባውን ትቶ ሄደ። አባዬም እሷን እያየ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ለሊሴ ክረምቱ እኩል ላይ ሲደርስ አረፈች። ዝናቡ ስላላባራ የቀብሩ ዕለት የጅረቱ ድምፅ ከለቃሾቹ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። ፀሐይ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈካ፣ አባዬ አንድ ማለዳ እንጦጦ ወጣ። ሸምበቆ ይዞ ተመለሰና ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መፋቅ ጀመረ። እናቴ ወጥታ ቆማ አየችው።

«ለማን ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

አባዬ ሸምበቆው መሐል ለመሐል እስኪሰበር ድረስ ፋቀው። እናቴ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው፤ እኔም በሩን ተደግፌ፣ ልጠጋቸው ልተዋቸው ሳላውቅ፣ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን አባዬም እናቴም የሉም። ከመደብሩ ወጥቼ ናትናኤልን ከተሰናበትኩት በኋላ እግሬ ወደ ድሮው ሰፈር ወሰደኝ። ጓሯችን የነበረው ቦታ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ጅረቱ ጠቁሯል፣ አረፋና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይወርዳል፣ ሽታው አፍንጫ ያስይዛል። ጎንበስ ብዬ ስመለከት የእጣቢ ባልዲ የያዘች ወጣት ሴት ከኋላዬ መጣች።

«ምን ጠፋብዎ ጋሼ?»

«እዚህ ዓሣ ነበረ» አልኳት።

«እዚህ? ዓሣ?» ብላ ሳቀች።

«እህትም ነበረችኝ።»

ሳቋን አቋርጣ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እጣቢውንም እኔ እዚያ ቆሜ እስካለሁ ድረስ አልደፋችውም።